የሰባት ዓመት ላስቲክ

ደጊቱ ዲሪባ የቀኝ አውራ ጣቷን ጥፍር አትቆርጥም። ሌሎቹን ዘጠኙን በየሳምንቱ ታሳጥራለች። ይኼኛው የሥራ መሣሪያ ነው። መስታወት ላይ የተለጠፈ ወረቀት፣ ፍሪጅ ላይ የደረቀ የፕላስተር ሙጫ፣ ሴራሚክ ላይ የቀረ የቀለም ጠብታ ስታይ መጀመሪያ በዚያ ጥፍር ጠርዙን ትነካዋለች። ከተነሳ በውኃ ይለቃል። ካልተነሳ ሌላ ነገር ይፈልጋል። ጥፍሩን ካጎበጠው ሥራው ከአንድ ቀን በላይ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሱሉልታ፣ ኦቦ ባጫ ግቢ ውስጥ ጥፍሩ ጎበጠ።

ቤቱ ባለ ዘጠኝ ክፍል ቪላ ነው። ሃያ ሁለት መስኮት አለው፤ ሁሉም ቡና ዓይነት አሉሚኒየም፣ ሁሉም ተንሸራታች። በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ ከፋብሪካ ሲወጣ የተለጠፈበት ሰማያዊ ላስቲክ አሁንም አለ። ቤቱ ካለቀ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ላስቲኩ በፀሐይ ነጥቷል፣ ተሰነጣጥቋል፣ ጠርዙ ተጠቅልሎ ሐዲዱ ውስጥ ገብቶ ደርቋል። ከሃያ ሁለቱ መስኮቶች አንዱም አይንሸራተትም።

ነገሩ በዚህ አገር እንግዳ አይደለም። አዲስ ሶፋ ሲገዛ ላስቲኩ አይነሳም፤ እንግዳ እየተንኮሻኮሸበት ይቀመጥበታል። ፍሪጁም፣ ቴሌቪዥኑም፣ የመኪናው ወንበርም እንደዚያው ነው። ላስቲኩ እስካለ ድረስ ዕቃው አዲስ ነው። ኦቦ ባጫ ይኼን በሙሉ ቤት ላይ አደረጉት። እሳቸውና ባለቤታቸው አዴ ሶያማ የሚኖሩት ከቪላው ጀርባ ባለው በድሮው ጭቃ ቤት ነው። ቪላው የሚከፈተው ለበዓልና ለእንግዳ ብቻ ነበር። ልጆቹ ሥራ ይዘው ከሄዱ በኋላ እንዲከራይ ተስማሙ።

ተከራይዋ ሉብና ትባላለች። ቡራዩ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት አላት፤ ሱሉልታ ላይ ሁለተኛውን ልትከፍት ነው። በዋጋ ተስማምተዋል። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሰው ልኮ ቤቱን ያያል። ሕፃናት የሚውሉበት ክፍል መስኮቱ ካልተከፈተ ፈቃድ የለም። የአሉሚኒየም ባለሙያ ተጠርቶ ነበር። አንዱን መስኮት ገፋ፣ ሌላውን ገፋ፣ «ሁሉም ይቀየር» ብሎ ሄደ። ሉብና ያኔ ነው ወደ ደጊቱ የደወለችው። ቡራዩ ያለውን መኖሪያ ቤቷን ከቀለም ሠሪዎች በኋላ ያጸዳችላት እሷ ነበረች።

«ሃያ ሁለት ነው» አለች ሉብና፣ ሳሎኑ መሃል ቆማ። «ዓርብ ጠዋት ሃያ ሁለቱም መከፈት አለባቸው። ከከፈትሽልኝ የትምህርት ቤቱ የጽዳት ኃላፊ አንቺ ነሽ። በቋሚነት፣ በደብዳቤ።»

«ካልከፈትኩስ?»

«ካልከፈትሽ እኔም ቤት የለኝም፣ አንቺም ሥራ የለሽም። ወላሂ፣ ከዚህ ሌላ የምልሽ ነገር የለኝም።»

«እከፍታቸዋለሁ» አለች ደጊቱ።

አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። የተወለደችው ከዚያ ግቢ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ የገበሬ ቤት ውስጥ ነው። አግብታ ቡራዩ ገባች፤ ቤቷ ከገፈርሳ ዝቅ ብሎ ነው። ባሏ ገመቺስ አይሱዙ ይነዳል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ቤቱ ካደረ ብዙ ነው። ሁለት ልጆች አሏቸው፣ ሁለቱም ተማሪዎች። ሰበታ በሚገኝ የመጠጥ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ከገበያ ተሰብስቦ የመጣ ጠርሙስ ላይ ያለውን ወረቀት ማስለቀቅ ነበር። ማሽኑ ያልላጠው ወደ ሴቶቹ ይመጣል። በፈላ ውኃና በኮስቲክ ሶዳ ይዘፈዘፋል፣ በብሩሽ ይፈተጋል፣ ለብርሃን ይታያል። በቀን እስከ ስድስት መቶ ጠርሙስ ታነጻ ነበር። አዲስ ማሽን ሲመጣ አሥራ አራት ሴቶች በአንድ ቀን ተሰናበቱ።

ከዚያ በኋላ የፊኒሺንግ ጽዳት ያዘች። ግንባታ ያለቀ ቤት ሰው ከመግባቱ በፊት ቀለሙን፣ ሲሚንቶውን፣ ሙጫውን የሚያነሳ ሰው ይፈልጋል። አብራት የምትሠራው ራቢአ ናት፤ ከአሥራ አራቱ አንዷ፣ የሰበታ ልጅ። ሥራው በደላላ ነው የሚመጣው። ደጊቱ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሑድ ሆኖ ሰኞ የት እንደምትውል አውቃ አታውቅም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ደላሎቹ የሚደውሉት ለወጣቶቹ ነው። በደብዳቤ የሚሰጥ ሥራ ከፋብሪካው ወዲህ ማንም አቅርቦላት አያውቅም።

ሥራው አራት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ራቢአ በሞቀ ውኃና በላርጎ የኋላውን መኝታ ክፍል ያዘች። ደጊቱ የሳሎኑን ትልቅ መስኮት ያዘች፤ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ቀትር የሚመታው እሱ ስለሆነ የከፋው እሱ ነው። ላስቲኩ ሲነካ እንደ ደረቀ ቅጠል ይሰባበራል። ሙጫው ከሥር ይቀራል። በአንድ ሰዓት ውስጥ መዳፍ የምታክል ቦታ ብቻ ነጻች። በዚህ አካሄድ ሃያ ሁለት መስኮት አንድ ወር ይፈጃል።

ቦርሳዋን ከፈተችና ክዳኑ የጠበቀ የላስቲክ ዕቃ አወጣች። ራቢአ ባልዲ ለመሙላት ስታልፍ አየቻት።

«እሱን ለምን አወጣሽው?»

«ለሙጫው።»

«ደጌ፣ ይኼ ጠርሙስ አይደለም እኮ።»

«ሙጫ ሙጫ ነው» አለች ደጊቱ።

ኮስቲኩን በውኃ በጠበጠች፣ ጓንት አጠለቀች፣ በብሩሽ የታችኛውን ፍሬም ቀባችው። ሙጫው ወዲያው ለቀቀ። ሐዲዱ ውስጥም ጨመረችበት። ትንሽ ቆይቶ አረፋ ጀመረ። ጠርሙስ ላይ አረፋ አይታ አታውቅም። በጨርቅ ስትጠርገው ሙጫው ብቻ ሳይሆን ቡናማው ቀለምም አብሮ መጣ። ከሥሩ የታየው አሉሚኒየም ነጭ፣ ደብዛዛና ሻካራ ነበር፤ ርዝመቱ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ። ውኃ ደፋችበት። ደጋግማ ደፋችበት። ቀለሙ አልተመለሰም።

መስታወት ኮስቲክ ይችላል። አሉሚኒየም አይችልም። ሰበታ አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ በእጇ ያለፈው መስታወት ብቻ ነበር።

ራቢአ መጥታ አጠገቧ ቆመች። ጎንበስ ብላ ነጩን ቦታ አየች።

«አበባ ይቀመጥበታል» አለች። «ትልቅ አበባ። ሳሎን ውስጥ አበባ ለምን ተቀመጠ የሚል ሰው የለም።»

«አበባው ሲነሳስ?»

«ሲነሳ እኛ ቡራዩ ነን።»

ደጊቱ ጓንቷን አውልቃ ወደ ጭቃው ቤት ሄደች።

ኦቦ ባጫ ደጃፍ ተቀምጠው የማጭድ እጀታ ያጠብቃሉ። ሰባ አልፏቸዋል፤ ጉልበታቸው ነው እንጂ እጃቸው አልደከመም።

«ኦቦ ባጫ፣ መስኮትዎን አበላሽቻለሁ። ይምጡና ይዩት።»

ማጭዱን አስቀምጠው ተከተሏት። ጎንበስ ብለው አዩ። በጣታቸው ዳሰሱት። አዴ ሶያማም ከኋላ ደረሱ።

«ሰባት ዓመት» አሉ ኦቦ ባጫ። «ሰባት ዓመት አቧራ ሳላስነካ ጠብቄ፣ አንቺ በአንድ ሰዓት!»

«ምኑን ነው የጠበቅከው?» አሉ አዴ ሶያማ። «መስኮት ከብት ነው የሚጠበቅ? እኔ አንዲት ዝንብ ለማስወጣት በር ስከፍት ነው የኖርኩት። ያለፈው ፋሲካ እንግዶችህ ላባቸው ወጡ ውስጥ እየተንጠባጠበ ነው የበሉት።»

«አንቺ ዝም በይ። አሉሚኒየም ነው።»

«ወርቅም ቢሆን መስኮት ይከፈታል!»

ኦቦ ባጫ ወደ ደጊቱ ዞሩ። «ስሚኝ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። አሁን ዕቃሽን ሰብስቢና ሂጂ ብልሽ ምን ትያለሽ?»

«አልሄድም እላለሁ። ያበላሸሁት አንዱን ነው። ሃያ አንዱን ሳላበላሽ እከፍታለሁ። የዚህን ቀለም ደግሞ እኔ አስቀባለሁ።»

«እንደማታበላሺው በምን አውቃለሁ?»

«ከእንግዲህ ማንኛውንም ነገር ሽንት ቤቱ መስኮት ላይ፣ ሰው በማያየው ጥግ ሳልሞክር ሌላ ቦታ አላስነካም። አንቱ ራስዎ ቆመው ያያሉ።»

«እቆማለሁ» አሉ ኦቦ ባጫ። ዱካ አምጥተው ተቀመጡ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እስከ ዓርብ ድረስ ሥራ ባለበት ሰዓት ከዚያ ዱካ ብዙም አልራቁም።

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ሽንት ቤቱ ውስጥ አሳለፉት። ደጊቱ የፍሬሙን ጥግ በአራት ቦታ ከፈለችና አንዱን በኮምጣጤ፣ አንዱን በነጭ ጋዝ፣ አንዱን ከአዴ ሶያማ ወጥ ቤት በመጣ የኑግ ዘይት፣ አንዱን በራቢአ ቫዝሊን ቀባችው።

«የፊቴን ቅባት ነው እኮ» አለች ራቢአ። «ነገ ፊቴ ተሰንጥቆ የሳሎኑን መስኮት ብመስል የአንቺ ጥፋት ነው።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ አዩት። ኮምጣጤው ሙጫውን ከናካቴው አልነካውም። ነጭ ጋዙ አለሰለሰው፤ ግን ሽታው ቤቱን ሞላው። ሕፃናት የሚውሉበት ቤት ነው፤ ጓሮው ውስጥ ደግሞ እሳት አለ። ደጊቱ ተወችው። ዘይቱና ቫዝሊኑ ሙጫውን ፍርፍር አድርገውታል፤ ቀለሙ ግን እንዳለ ነው። ቫዝሊን ለሃያ ሁለት መስኮት የሚበቃ የለም። ዘይቱ ደግሞ ቁልቁል እየፈሰሰ ወለሉ ላይ ነው ያለው፤ ፍሬሙ ላይ የቀረው ትንሽ ነው።

«ዘይት ነው» አለች። «እንዳይፈስ ማድረግ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«ያን ማድረግ ከቻልሽ እኔም ለወጤ እፈልገዋለሁ» አሉ አዴ ሶያማ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በአዲሱ ገበያና በዊንጌት አድርገው ወደ ቡራዩ ተመለሱ። ከሃያ ሁለቱ የተከፈተ አንድም መስኮት አልነበረም። ታክሲ ውስጥ ራቢአ ጠየቀቻት። «ዓርብ ባይሆንልሽስ?»

«ዓርብ ገና ነው» አለች ደጊቱ።

ሐሳቧ ረቡዕ ፀሐይን ተከትሎ መሥራት ነበር፤ ጠዋት በምሥራቅ ያሉትን፣ ከሰዓት በምዕራብ ያሉትን። ላስቲክ ሲሞቅ አይሰባበርም። ረቡዕ ሱሉልታ ጭጋግ ለብሳ አደረች። አጥሩ እንኳን አይታይም። ኦቦ ባጫ ጋቢያቸውን ደርበው ዱካቸው ላይ ነበሩ።

«አካም ቡልቴ? እንዴት አደርሽ?» አሏት። «ፀሐይሽ የት አለች?»

«ፀሐይ ካልመጣች እናፈላታለን» አለች ደጊቱ።

አዴ ሶያማ በባሕር ዛፍ እንጨት በርሜል ሙሉ ውኃ ጣዱ። ደጊቱ አሮጌ ፎጣ እያጠለቀች፣ እየጨመቀች፣ ትኩሱን ላስቲኩ ላይ ትጫነዋለች። እስከ ስድሳ ትቆጥራለች። ከዚያ ከጥግ ትጀምርና ቀስ ብላ፣ ወደ ራሷ ሳይሆን ወደ ታች አስተኝታ ትስበዋለች። ቶሎ ከሳበችው ይበጠሳል። ቀስ ካለች ክንድ የሚያህል ቁራጭ ሳይቆረጥ ይመጣል። ራቢአ ፎጣውን እያመላለሰች፣ ጣቶቿን እየነፋች፣ ብርዱንም ሙቀቱንም ባንድ ላይ እየረገመች ሠራች። እስከ ስምንት ሰዓት የሃያ ሁለቱም መስኮት ላስቲክ ከየፍሬሙ ተላቀቀ። ሙጫው ግን ቀርቷል፤ ግራጫ፣ የሚያጣብቅ፣ የነካውን ጨርቅ የማይለቅ።

ደጊቱ ዘይት ለመግዛት መንገድ ዳር ወዳለው የአክመል ሱቅ ወረደች።

«ፈሳሽ ዘይት አለህ?»

«ፈሳሹ አልቋል። ይኼ የሚረጋው ነው ያለው» አላት አክመል፣ ቢጫ ጀሪካን እያሳየ። «በዚህ ብርድ እንደ ቅቤ ጠጥሯል። ወደ እሳት ካላስጠጋሽው አይቀዳም።»

ደጊቱ ጀሪካኑን አጋደለችው። ምንም አልተንቀሳቀሰም። እንደገና አጋደለችው።

«አፉን በቢላ ቁረጥልኝ» አለች። «በማንኪያ ነው የማወጣው።»

ግቢ ስትደርስ ራቢአ ሳቀች። «ልንጠብስ ነው?»

«ልንቀባ ነው። የቀረውን ውኃ ድፊው፤ ከአሁን በኋላ ሙቀት አልፈልግም።»

መጀመሪያ እንደ ቃሏ ሽንት ቤቱ ጥግ ላይ ሞከረችው። የረጋው ዘይት ፍሬሙ ላይ እንደ ጭቃ ተለጠፈ። አልፈሰሰም። ቤቱ ቀዝቃዛ እስከሆነ ድረስ አይፈስም። ለአንድ ሰዓት ተወችው፤ ሙጫው ለሰለሰ፣ ቀለሙ ግን አልተነካም። ኦቦ ባጫ ራሳቸው በጣታቸው አሽተው አዩት።

«ጋሪ» አሉ። ጥሩ ነው ማለታቸው ነው፤ ከማክሰኞ ወዲህ ከአፋቸው የወጣ የመጀመሪያው በጎ ቃል።

ሁለቱ ሴቶች ሃያ ሁለቱንም ፍሬም በእጃቸው ለቀለቁት። ሐዲዱን በዱላ ጫፍ በተጠቀለለ ጨርቅ ሞሉት። ዘይቱ አቧራ እንዳይዝና እንዳይደርቅ ደጊቱ ጠዋት የላጠችውን ላስቲክ እያነሳች ላዩ ላይ አለበሰችው።

ኦቦ ባጫ ከዱካቸው ተነሱ። «ያንኑ ላስቲክ መልሰሽ ለጠፍሽው?»

«ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው።»

«እኔም ያኔ ለአንድ ክረምት ብቻ ነበር ያልኩት» አሉ ኦቦ ባጫ።

ሐሙስ አንድ ሰዓት ላይ ደጊቱ የመጀመሪያውን ላስቲክ አነሳች። ከሥሩ ያለው ዘይት ግራጫ ሆኗል። ጊዜው ባለፈበት የላስቲክ መታወቂያ ካርድ ገፋችው። ሙጫው እየተጠቀለለ እንደ ፍርፋሪ ወረደ። ብረት አላስነካችውም፤ ቢላም፣ የሽቦ ማሻሻም። ቀጥላ ሞቅ ያለ ውኃ በላርጎ፣ ከዚያ ንጹሕ ውኃ፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ። ሐዲዱን በጥርስ ብሩሽ ፈተገችው። ከዚያ መስኮቱን ገፋችው።

ተንሸራተተ።

አዴ ሶያማ እየሮጡ መጡ። ከፈቱት። ዘጉት። ከፈቱት። ራሳቸውን አውጥተው ወደ ጓሮው አዩ፤ ባላቸውን ዞር ብለው አዩና ወደ ወጥ ቤታቸው ተመለሱ።

ስድስት ሰዓት ላይ አሥራ አምስት መስኮቶች ተከፍተዋል። ሉብና የመጣችው ያኔ ነው። እየዞረች ገፋች፣ በጣቷ ቆጠረች። ሳሎን ስትገባ ደጊቱ ቀድማት መስኮቱ አጠገብ ቆማ ነበር።

«ይኼን እኔ አበላሽቼዋለሁ» አለች። «ኮስቲክ ሶዳ ነው። አሉሚኒየም እንደሚበላ አላወቅኩም ነበር። አሁን አውቄያለሁ።»

ሉብና ጎንበስ ብላ አየችው። «ኦቦ ባጫ አይተውታል?»

«ማክሰኞ ነው ያሳየኋቸው።»

«ይከፈታል?»

«ገና ነው።»

«ደጊቱ፣ ይኼ እኮ የበሩ ትይዩ ነው። ሰውየው ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ይኼን ነው።»

«አውቃለሁ።»

ሉብና ሰዓቷን አየች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሄደች። ራቢአ በሩ ላይ ሆና «አበባው ይሻል ነበር» አለች። ደጊቱ ካርዷን ይዛ ወደሚቀጥለው መስኮት ሄደች። ስድስት መስኮት ይቀራታል፤ ሳሎኑ ሲጨመር ሰባት።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ኦቦ ባጫ ከዱካቸው ጠፉ። የዋናው በር አሉሚኒየም ላይም ላስቲክ ነበር። እሱን ማንም እንዳይነካው አስጠንቅቀዋል። አሁን ራሳቸው እፊቱ ቆመው፣ ፎጣ በፈላ ውኃ ነክረው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እስከ ስድሳ ይቆጥራሉ። ከዚያ ከጥግ ጀምረው ወደ ታች ሳቡት። ከላይ እስከ ታች ሳይበጠስ ወጣላቸው። አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ሸጎጡት።

«ምን ልታደርገው ነው?» አሉ አዴ ሶያማ።

«ለድርቆሹ ክዳን ይሆናል።»

«ድርቆሹንም አዲስ እንደሆነ ልታቆየው ነው?»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሃያ አንድ መስኮቶች በአንድ ጣት የሚገፉ ሆኑ። ሳሎኑ ቀረ። ፍሬሙ ላይ ያለው ሙጫ እንደሌሎቹ በዘይት ወርዷል። ችግሩ ሐዲዱ ነው። ማክሰኞ የገባው ኮስቲክ እዚያ ውስጥ ደርቆ ነጭ፣ እንደ ኖራ የጠጠረ ነገር ሠርቷል። ዘይቱ አልነካውም። ላርጎም አልነካውም። በካርዱ ስትገፋው ካርዱ ተሰበረ።

ዓርብ አንድ ሰዓት ላይ ሳሎን ውስጥ ተንበርክካ ነበር። ሁለት ተኩል ላይ መስኮቱ እስከ ግማሽ ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ አልሄደም።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ሰው መጣ። ረጅም፣ ሱሪው ጭቃ እንዳይነካው ከፍ ያደረገ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ክፍል በክፍል ዞረ። እያንዳንዱን መስኮት ራሱ ከፈተ፣ ራሱ ዘጋ፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ። ሉብና ከኋላው ትከተላለች፤ ከሉብና ኋላ ኦቦ ባጫ። ሳሎን ውስጥ መስኮቱን ገፋ። ግማሽ ሄዶ ቆመ። አጥብቆ ገፋው። አልሄደም።

«ይኼስ?»

«ግማሹ ይከፈታል» አለች ሉብና።

«ቅጹ ላይ ግማሽ የሚል የለም። ወይ ይከፈታል፣ ወይ አይከፈትም።» ነጩን ፍሬም አየ። «ይኼን ደግሞ ምን በላው?»

«እኔ ነኝ» አለች ደጊቱ ከጥጉ። «በተሳሳተ ነገር አጥቤው ነው።»

ሰውየው አያት፤ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ሌሎቹ ሃያ አንዱ ልክ ናቸው። አየር በቂ ነው። ይኼኛው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንዲስተካከል የሚል መስመር ጻፈና ፈረመ። ፈቃዱ ይሰጣል።

በሩ እንደተዘጋ ሉብና ትንፋሿን ለቀቀች። «አልሐምዱሊላህ! በቃ አለቀ። ደጊቱ፣ ተነሺ፣ ምሳ ልጋብዛችሁ። ይኼን የአሉሚኒየም ሠራተኛ ያስተካክለዋል፤ አሥራ አምስት ቀን አለን።»

«ሃያ ሁለት ነው ያልሽው» አለች ደጊቱ።

«ብዬ ነበር። አሁን ሃያ አንድ በቃኝ እያልኩሽ ነው።»

«ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው የእኔ ስም ነው። በየቀኑ ሳሎን ስገባ ግማሽ የተከፈተ መስኮት እያየሁ አልሠራም። አንድ ሰዓት ስጪኝ።»

ራቢአ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ምሳውን እኔ ብቻዬን ልጋበዝ? እሷን አውቃታለሁ፤ አትነሳም።»

ደጊቱ ሐዲዱ ውስጥ ያለውን ነጭ ነገር በጥፍሯ ፋቀችና መዳፏ ላይ አደረገችው። ሙጫ አይደለም። ሙጫ ያጣብቃል፤ ይኼ ይደቅቃል። ሰበታ እያለች ውኃው ጠርሙሱ ላይ የሚተወው ነጭ ነገር ነበር፤ ያን ኮስቲክም ብሩሽም አያነሳውም። ጎምዛዛ ነገር ነበር የሚያነሳው። ማክሰኞ ለሙጫው ምንም ያልፈየደውን ኮምጣጤ ጠየቀች። አዴ ሶያማ ጠርሙሱን አመጡ። መጀመሪያ ከሐዲዱ መጨረሻ፣ ከመጋረጃው ኋላ አንድ ጠብታ አደረገችና ጠበቀች። ነጩ ነገር ለሰለሰ፤ ቡናማው ቀለም አልተነካም። ኮምጣጤውን አሙቃ ጨርቅ ነከረችበት፣ ጨርቁን ሐዲዱ ውስጥ አስተኛችው። ሃያ ደቂቃ። አወጣች፣ በጥርስ ብሩሽ ፈተገች፣ በውኃ አጠበች። ግማሹ ወጣ። ደገመችው። ኦቦ ባጫ ዱካቸውን ይዘው መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ውኃውን እሳቸው ያቀብሏታል።

ሦስተኛው ዙር ላይ የወጣው ውኃ ጠራ። ሐዲዱን በደረቅ ጨርቅ አደረቀችው። ተነሳች፣ ጉልበቷን አሸች፣ መስኮቱን ገፋችው። እስከ መጨረሻው ሄዶ ግድግዳውን ነካ። መለሰችው። ደግማ ገፋችው።

«ሃያ ሁለት» አሉ ኦቦ ባጫ።

ሉብና መኪናዋ ውስጥ ደብዳቤ ይዛ ነበር። ስሙ ባዶ ነው፤ እዚያው መኪናው ኮፈን ላይ ሞላችው። ደጊቱ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወረቀቱን ተቀበለች። ሁለት ጊዜ አነበበችው። «የሙከራ ጊዜ ሁለት ወር» የሚል መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይኼ ይሰረዝ» አለች። «ሙከራዬን በአራት ቀን ጨርሻለሁ።»

ሉብና ወደ ራቢአ አየች።

«እኔን ምን ታይኛለሽ?» አለች ራቢአ። «አትነሳም አልኩሽ።»

ሉብና መስመሩን ሰረዘችውና አጠገቡ ፈረመች። ደጊቱም ፈረመች።

«እንግዲህ ሰኞ አንድ ሰዓት ትገቢያለሽ» አለች ሉብና።

«አሥራ ሁለት ተኩል እገባለሁ። የሁለተኛው ክፍል ወለል ላይ የቀለም ጠብታ አይቻለሁ። በረኪና ገዝተሽ እንዳትጠብቂኝ፤ የምፈልገውን ዕቃ እኔ ጽፌ እሰጥሻለሁ።»